የጋሽ ዶፍ ካልሲ

ጋሽ ዶፍ ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ነው። ዳክዬ ሊያድኑ ጠመንጃቸውን ይዘው በወጡ ቁጥር ሰማዩ ይቀደዳል። ልብስ ያሰጣ ሰው እሳቸውን በቦት ጫማ ካየ እየሮጠ ነው ልብሱን የሚሰበስበው።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። እሳቸው የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ጎማቸውን የምለጥፈው እኔ ነኝ፣ ልጃቸውን የምወደውም እኔው ነኝ። ልጅቷ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ እቤታቸው በር ላይ ባለች ክፍል ፀጉር ትሠራለች። እሷም ትወደኛለች፣ አፏ ግን አይለውም። «ፊትህን ታጠብ» ነው የምትለኝ። እኔ ይገባኛል።

አንድ ቀን ጎማ እየፈታሁላቸው ወኔዬን ሰብስቤ «ጋሼ፣ ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ግሪስ በግሪስ ነበርኩ።

«ቅዳሜ አደን እሄዳለሁ፣ ቦርሳዬን ተሸክመህ ትከተለኛለህ። ውስጡ ካለው አንድ ነገር ቢረጥብ፣ አንዲት ካልሲ ብትረጥብ፣ ልጄን እርሳት!»

«ካልረጠበስ?»

«ያን ጊዜ እናወራለን። ካንተ በፊት የመጣው የባንክ ሠራተኛ ካልሲዬን አርጥቦ ብርድ አስመታኝ። ዳክዬዎቹ አፍንጫ ስር ደርሼ አነጠስኩ! ላባ እንኳን አልቀረልኝም።»

ቦርሳቸውን እኔ ጋ ጥለውት ሄዱ። የሸራ ቦርሳ ነው፣ ስፌቱ ሁሉ አፉን ከፍቷል። ዕቃውን በፌስታል ልጠቅልል ስል ፌስታል ኮሽ ይላል፣ የዳክዬ ጆሮ ደግሞ አይጣል ነው። በጎማ ከመነዳሪ ልለብጠው ስል ክብደቱ ወገቤን ሊቆርጠኝ ነው። ሰፊ፣ ስስ፣ ድምፅ የሌለው ላስቲክ ከየት ይምጣ?

ለልጅቷ ነገርኳት። ሳቅ ብላ ቤት ገባችና የሻወር መጋረጃቸውን በመስኮት ወረወረችልኝ። ሰማያዊ ነው፣ ብርቱካናማ አሳ የተሣለበት።

«እማዬ ቅዳሜ ማታ ነው የምትታጠበው፣ ከዛ በፊት መልሰው» አለችኝ። «አባዬን እንደሆነ ዝናቡ ያጥበዋል። ደሞ እንዳትቀደው!»

«እኔ? እኔ መለጠፍ እንጂ መቅደድ መቼ አውቃለሁ!»

ለጠፍኩታ! ቦርሳውን ገለበጥኩት፣ ማስቲሽ ቀባሁት፣ መጋረጃውን ልጥፍ አደረግኩበት። ሲይዝልኝ መልሼ ገለበጥኩትና አፉን ጭምድድ አድርጌ ይዤ፣ የከመነዳሪ ቀዳዳ የምፈልግበት የውሃ በርሜል ውስጥ ደፈቅኩት። አንድ አረፋ የለም! ጨፈርኩ። «መልሰው» ያለችኝ ትዝ ያለኝ ማስቲሹ ደርቆ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ገና ሐይቁ ጋ ሳንደርስ ዶፉ ወረደ። ውሃው ባንገቴ ገብቶ በጫማዬ ይወጣል። ሸምበቆ ውስጥ ተሸጎጥንና ጋሽ ዶፍ ቦርሳውን ከፈቱ። ክብሪቱን ጫሩ፤ ቦግ! ጥይቱን ዳሰሱ፤ ደረቅ። ካልሲውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንተ ጎማ! ዳቦው እንኳን ደረቅ ነው!»

«ዳቦው ሲገዛም ደረቅ ነበር ጋሼ።»

ከዛ ጭንቅላታቸውን ቦርሳው ውስጥ አስገቡ። «ይሄን አሳ የት ነው የማውቀው?»

«ሐይቅ ዳር አይደለን ጋሼ፣ አሳ የት ይጠፋል?»

ዳክዬውማ... ተኮሱ፣ ሳቱ። ዳክዬዎቹ ተነስተው አንዴ ከዞሩን በኋላ እዛው ተመልሰው አረፉ። ጋሽ ዶፍ ግን ደረቅ ካልሲያቸውን አድርገው እየዘፈኑ ነው የተመለሱት።

ማታ ቤት ደረስን። ጋሽ ዶፍ ቦት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ቀጥ አሉ። ወለሉ ውሃ ነው። ከመታጠቢያ ቤት ተነስቶ፣ ኮሪደሩን ጨርሶ፣ ሳሎን ገብቷል። ባለቤታቸው እትዬ ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው መወልወያ ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ በባልዲ እየቀዳች ጣራ ጣራውን ታያለች፤ እኔን ላለማየት።

«መጋረጃዬን ሌባ ወሰደው!» አሉ እትዬ። «ያለ መጋረጃ ብታጠብ ምን ይመጣል ብዬ ገባሁ። ይኸው መጣ!»

ጋሽ ዶፍ ምኑም አልገባቸውም። «አሁን እሱን ተይውና ይሄን እይልኝ! ጠብታ አልገባም!» ብለው ቦርሳውን ቧ አድርገው ከፈቱላቸው።

አሳዎቹ ቁልጭ አሉ።

እትዬ የመጋረጃውን ጫፍ ይዘው ጎተቱ። ወይ ፍንክች! ቦርሳው አብሮ መጣ፣ ጋሽ ዶፍም አብረው መጡ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ «አይላቀቅም እትዬ፣ ዋስትና አለው» አልኩ።

«የኔን ሳሎን አርጥበህ የሱን ካልሲ አደረቅክ?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች ልጅቷ፣ ባልዲውን አስቀምጣ።

ጋሽ ዶፍ እሷን አዩ። እኔን አዩ። ከዛ ወደ እግራቸው አዩ። ካልሲያቸው ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ አብጧል። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ፤ አንዲት ካልሲ ብለዋል፣ ሁለቱም ናቸው የረጠቡት።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዛ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «ቦርሳ ውስጥ ያለው ነው ያልኩት፣ ሳሎን ውስጥ ያለውን መች አልኩ! ቃሌ ቃል ነው፣ እናወራለን!»

«የምታወሩት ወለሉ ሲደርቅ ነው!» አሉ እትዬ፣ መወልወያውን ደረቴ ላይ እየለጠፉ።

ተንበርክኬ ጨርቁን ስጨምቅ ልጅቷ አጠገቤ ጎንበስ አለች።

«ፊትህን ታጠብ» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንዲህ ሆነህ ነው አባዬን የምታናግረው?»

«የት ልታጠብ?» አልኳት። «መጋረጃ የለ!»