ለጀልባዪቱ የተቀዳ ውኃ

የሺሐረግ በዚያ ዓርብ ከጀልባዪቱ ስትወርድ፣ ሁለተኛ እንደማትሳፈርባት ምላ ነበር። ቀኝ እግሯ የፋይበርግላሱን ወለል አጎድጉዶ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሊሰምጥ ጥቂት ነበር የቀረው። ከድንጋጤው ይልቅ ያስቆጣት ግን ባሏ መክብብ «ቀስ ብለሽ ርገጪ» ማለቱ ነው።

«ወፍረሻል ማለትህ ነው» አለችው።

«ወለሉ ታሟል ማለቴ ነው።»

«ወለል ሲታመም ገና ዛሬ ሰማሁ።»

መክብብ በየመን፣ በዐደን ወደብ መጋዘን አገልግሎ ጡረታ የወጣ፣ ከመናገር ይልቅ ማሰላሰል የሚቀናው ሰው ነው። ያለ ሚስቱ ባሕር ወጥቶ አያውቅም። ዓርብ ዓርብ ከሲራ የባሕር ዳርቻ ተነሥተው፣ ከተማዪቱ ከተራራዋ ጋር አንሳ እስክትታይ ድረስ ይርቁና ሞተሩን ያጠፉ ነበር። በቤታቸው ውስጥ በዝምታ የሚታለፈው ሁሉ፣ ያልወለዱት ልጅ ሳይቀር፣ እዚያ ይነሣል። ትዳሩን ያቆመው ቤቱ ሳይሆን ያቺ ጠባብ ወለል እንደ ሆነች መክብብ ከራሱ ጋር ከተስማማ ቆይቷል። ስለዚህም በማግስቱ ጀልባዪቱን አሸዋ ላይ አስወጥቶ ፋሩቅን ጠራ።

ፋሩቅ ሁሪ የሚባሉትን የዓሣ አጥማጆች ትንንሽ ጀልባዎች እየጠገነ የሚኖር፣ አማርኛውን ከሐረሪዋ እናቱ የወረሰ የዐደን ልጅ ነው። ወለሉን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ዞረ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ የታመመው እንደ ደነዘዘ ከበሮ አንቋረረ። በጠመኔ ሲከበው፣ ክቡ የየሺሐረግን መቀመጫ መሐል ላይ አደረገው።

«ዐሚ መክብብ፣ ወላሂ ይቺ ሁሪ ዳቦ ሆናለች። ሞተሯን ሽጥና ተገላገል።»

«አትሸጥም።»

«እትዬ የሺ እንደሆኑ አልሳፈርም ብለው ምለዋል።»

«የማትሸጠውም ለዚሁ ነው።»

የላይኛውን የፋይበርግላስ ቆዳ በመጋዝ ቆርጠው ሲያነሡ፣ ከሥሩ ያለው ኮምፔርሳቶ ጠቁሮና እንደ ራሰ ጭድ ተበጣጥሶ ተገኘ። ፋሩቅ ቁራጩን በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ ወደ ምላሱ ወሰደው።

«ጨው የለውም» አለ። «የባሕር ውኃ እንጨትን እንዲህ አያደርግም፣ ጨው ይጠብቀዋል። ይህን ያበሰበሰው የቧንቧ ውኃ ነው። ዝናብ በማይታወቅበት አገር ሁሪውን በሚጠጣ ውኃ የሚያጥብ ማን ነው?»

መክብብ ያውቃል። የሺሐረግ ደገኛ ናት፤ ብረት ሲበላ ያየችውን ጨው ለጀልባም አታምነውም። ቧንቧ ቀን እየዘለለ በሚመጣባት ከተማ፣ ለራሷ ልብስ የምትሰስተውን ውኃ በጀሪካን ተሸክማ ዓርብ ማታ ወለሉን ታጥብ ነበር። ውኃው ወደ እንጨቱ የገባበት በር ደግሞ የእርሱ ሥራ ነው፦ ጉልበቷ ሲያማት የሚያሳርፋትን መቀመጫ ሲሠራላት፣ ብሎኖቹ የገቡባቸውን ቀዳዳዎች በሙጫ ሳይደፍን ትቷቸዋል። ሁለት ደግነቶች በአንድ ቀዳዳ ተገናኝተው ጀልባ አፈረሱ።

የበሰበሰውን ጠርገው ባዶውን ለፀሐይ ሰጡት፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያርሰው በሸራ ይሸፍኑታል። ሲደርቅ አዲስ ኮምፔርሳቶ ገጠሙ፣ በሙጫ የራሰ የፋይበር ጨርቅ ደራርበው አለበሱት። መክብብ ቀዳዳዎቹን በገዛ እጁ ደፈነ። የፋይበርግላሱ ብናኝ ክንዱን ሲያሳክከው ያከከው ግን ሌላ ሐሳብ ነበር። ዝም ቢል፣ ጀሪካኑ ተመልሶ ይመጣል። ቢነግራት፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመችለትን ፍቅር ጥፋት ብሎ መጥራት ይሆንበታል።

የሺሐረግ ወለሉ በተጠናቀቀበት ቀን ሳትጠራ መጣች፤ ጀሪካኗን ይዛለች።

«ለመሳፈር እንዳይመስልህ። አቧራዋን ላጥብላት ነው።»

መክብብ የጀሪካኑን እጀታ ያዘ። «የሺ፣ ከእንግዲህ በባሕር ውኃ ነው የምትታጠበው።»

«ጨው እንዲበላት?»

«እንጨቱን ያበሰበሰው የቧንቧው ውኃ ነው። መቀመጫሽን ስሠራ ቀዳዳዎቹን ሳልደፍን ተውኳቸው፤ አንቺ ስታጥቢ ውኃው በእነርሱ ገባ።»

ጀሪካኑን ለቀቀችለት። ፋሩቅ ዕቃውን የሚሰበስብ መስሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

«ታዲያ ተጋግዘን አፈረስናት በለኛ» አለች።

«ተጋግዘን።»

«እኔ ደግሞ ክብደቴ መስሎኝ እራት ትቼ ሰነበትኩ።»

ፋሩቅ ሳቁ አመለጠው። «እትዬ የሺ፣ እራቱን ወደኔ መላክ ነበረብዎት።»

«አንተ ዝም በል። ሞተሯን ሽጥ ማለትህን ነግሮኛል።»

ወዲያው ዓይኗ የባሏ እጆች ላይ ዐረፈ፤ ቀልተው፣ ተቧጭረው፣ በሙጫ ተለብጠው ነበር። ጀሪካኑን መልሳ ተቀበለችው።

«እጅህን ዘርጋ። ይህን ያህል መንገድ ተሸክሜው መጥቼ አልመልሰውም።»

ውኃውን በቀስታ አፈሰሰችለት፣ እርሱም እስከ ክርኑ ታጠበ፤ አሸዋው ጠጣው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ትከሻውን ተደገፈችና ወደ ጀልባዪቱ ወጣች። እግሯ ሊሰምጥ የነበረበት ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«ቀስ በይ አትለኝም?»

«እንደ ፈለግሽ ርገጪ።»

ረገጠች። ወለሉ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጣት፤ ደስ ስላላት ብቻ ደግማ ረገጠችው።