ለገባ ሁሉ

ገዋኔ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ወረደ፤ ኡምሰልማ ብቻ ቀረች። መውረድ ጠልታ አልነበረም። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተነሱ ጀምሮ ታጥፈው የቆዩት ጉልበቶቿ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቀው ነበርና፣ ለአፍታ እንኳ ዘርግታቸው መሬት ብትረግጥ ደስ ባላት። አንድ እጇን የፊቱን ወንበር አስይዛ፣ ሌላውን ጭኗ ላይ ተክላ ልትነሳ ስትል ሾፌሩ በመስኮት አያት።

«ኧረ እናቴ፣ ወላሂ አይወርዱም። የሚፈልጉትን ይንገሩኝ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ።»

ኡምሰልማ እጇን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ሰውየው ምሏል፤ ነገሩ አለቀ። «ውሃ» አለች፣ ሳይጠማት። ልጇ ሃፍሳ ከታች ሆና ይህን ስትሰማ ሾፌሩን በዓይኗ አመሰገነችው።

መሐላ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኡምሰልማ ከእነሱ ወገን አይደለችም። ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ አጠገብ ባደገችበት ቤት ሰው ሲገባ ይነሳሉ። የገባው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የሚያውቁት ይሁን የማያውቁት፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉለታል። እሱም በፈንታው «ወላሂ አይነሱም» ይላል፤ ወጉ ነው። ጤነኛ ሰው መሐላው ተሰምቶ ሳያልቅ ተነስቶ ስለሚቆም ማንም አይጎዳም። ችግሩ የሚመጣው መሐላው ከሚነሳው ሰው መቅደም ሲጀምር ነው።

አዋሽ ላይ የቁርስ ቤቷን ከከፈተች ጀምሮ ሃያ ምናምን ዓመት ለገባ ሁሉ ስትነሳ ኖራለች። ከድሬዳዋ የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም፣ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች ደጇ ካለው የኒም ዛፍ ማዶ ሲደረደሩ፣ እንግዳ ይገባል፣ እሷ ትነሳለች። በኋላ ጉልበቷ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ማለዳ ማለዳ ብቻ ነበር፣ ቆይቶ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ስትነሳ ማየቱ ስለሚያሳዝን ሾፌሮቹ በሩን ሳያልፉ ከውጭ ሆነው መማል ለመዱ።

አንድ ቀን ሙእሚን የሚባል፣ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳ ደንበኛዋ እንዲሁ ማለ። እሷ ግን መነሳቱን ጀምራው ስለነበር ተነስታ ቆመች። ሙእሚን ሳቀ፣ በላ፣ ሄደ። ሲመለስ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ መጣና «ኡሙ፣ አስጾሙኝ እኮ» አላት። መሐላዬ ፈርሷል፣ ማካካሻው ካፋራ አለብኝ ብሎ፣ በዚያ በግንቦት ሐሩር እስከ ጋላፊ ድንበር እየነዳ ሦስት ቀን ጾሞ ነበር። የነገራት ለጨዋታ ነው። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም ቢምል አልተነሳችም፤ አዋሽ ላይ ደግሞ የማይምል የለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር አልከፋትም። ያን ሁሉ ዘመን የቆመ ሰው ተቀመጪ ሲባል ምን ብሎ እምቢ ይላል? አብራት የምትሠራው መዲና ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ለሶላት የምትታጠብበትን የዉዱ ውሃ በማንቆርቆሪያ፣ ስልኳንና ማራገቢያዋን ከእጇ ታደርስላታለች። ኡምሰልማ በክብር ተቀመጠች፣ በክብር ወፈረች፣ ጉልበቷም በክብር ባሰበት። ባለፈው የረመዳን ዒድ ማግስት ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ እግሯ ከዳትና ግቢው ውስጥ ወደቀች። መዲና ገበያ ሄዳ ነበር። እስክትመጣ ድረስ ኡምሰልማ ፀሐይ ላይ ተኝታ ጠበቀች። ሰመራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራው ሃፍሳ ይህን በስልክ የሰማች ዕለት ልቧ ቆረጠ፤ ዛሬ ልትወስዳት የመጣችውም ለዚሁ ነው።

ሚሌን እንዳለፉ ሃፍሳ ነገሩን አወጣችው። መንገዱን ሙሉ ስታሰላስለው እንደነበር ያስታውቃል።

«እማ፣ ቤቱን መዲና ትያዘው። ከእንግዲህ አንቺ ሰመራ ነሽ፣ ከእኔ ጋር።»

«ሐኪም ጋ ነው ያልሽኝ።»

«ሐኪም ጋም ነው።» ሃፍሳ ወደ ውጭ፣ ሜዳው ላይ ወደተበተነው ጥቁር ድንጋይ አየች። «እንደገና ስትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

 ጠዋት ሻንጣው ሲጫን ለምን ያን ያህል እንደከበደ ኡምሰልማ አሁን ገባት፤ የዒድ ቀሚሷ ሳይቀር ውስጡ አለ ማለት ነው። ልትቆጣ አሰበችና ደከማት። ከውስጧ አንድ ድምፅ «ተይው፣ ይበቃሻል» አላት። ድምፁ ደስ የሚል ስለነበር አስፈራት።

ሰመራ ሲደርሱ ሙቀቱ ሰው ከመንገድ አጥፍቶ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበላቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አዲስአለም ይባላል፤ ከደጋ መጥቶ አገሩን ያልለመደ፣ በየመሐሉ አንገቱን በመሀረብ የሚጠርግ ሰው ነው። እዚያው የተነሳችውን የራጅ ፊልም ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። ጉልበቷን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ አስቀምጧት እጇን ደረቷ ላይ እንድታጣምር ነገራት።

«አሁን ይነሱ።»

ሃፍሳ ልትደግፋት ፈጠን ብላ ቀረበች። «እማ፣ ወላሂ ብቻሽን አትነሺም።»

ኡምሰልማ ባለችበት ቀረች። አዲስአለም ጠበቀ።

«ምነው እናቴ፣ አመመዎት?»

«ምላለች» አለች ኡምሰልማ ወደ ልጇ በአገጯ እያመለከተች።

ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። የሙእሚንን ጾም፣ የሾፌሮቹን መሐላ፣ የሁለቱን ዓመት መቀመጥ ስትነግረው ይስቃል ብላ ነበር፤ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እኛም አገር አለ» አለ። «እኛ ጋ በሞቴ ነው የሚባለው። እናቴን በሞቴ አይነሱ፣ በሞቴ አይድከሙ እያልን ነው አልጋ ላይ ያስቀረናት።»

 ሃፍሳ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። «ካፋራው በእኔ ይሁን፤ ትነሳ» አለች።

ኡምሰልማ ሞከረች። ጭኖቿ ተንቀጠቀጡ። ከወንበሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለችና ተመልሳ ዘጭ አለች። እንደገና ሞከረች፣ ያው ሆነ። ሃፍሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ እንደሚያይ ሰው ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ኡምሰልማ በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት አፍራ አታውቅም።

«ልዋሽዎት አልፈልግም» አላት አዲስአለም። «ያለቀው አይመለስም። የቀረው ቶሎ እንዳያልቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ጉልበትዎን የሚሸከምልዎት ጭንዎ ነው፤ እሱ ደግሞ በመቀመጥ ብዛት ሟሟ።» ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ትንሽ ትንሽ እንድትራመድ፣ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ እንዳትቀመጥ፣ ሰውነቷ እንዲቀል ስኳሩንና ቅባቱን እንድትቀንስ፣ ሲያማት በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ እንድታደርግበት ነገራት። «ዋናው ግን መነሳት ነው። ከፍ ካለ ወንበር ላይ፣ በቀን ደጋግመው። ሲጀምሩ ያምዎታል፤ አመመ ማለት ተጎዳ ማለት አይደለም። ቢያብጥ ግን ይምጡ።»

«ለማን ነው የምነሳው?»

«ለማንም። ዝም ብለው ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ።»

ኡምሰልማ ሰውየውን ትክ ብላ አየችው። ደግ ሰው ነው፤ ነገሩ ግን ሊገባት አልቻለም። ባዶ ቤት ውስጥ ለማንም ሳይሆን ብድግ ቁጭ የሚል ሰው፣ አላህ ይጠብቅ፣ አእምሮው የተነካ ነው።

የሃፍሳ ቤት ንጹሕ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ላስቲኩ ገና ያልተነሳለት ትልቅ ሶፋ ተቀምጧል። ለእናቷ የተገዛ መሆኑን መናገር ሳያስፈልጋት እየመራች ወስዳ አስቀመጠቻትና ከጀርባዋ ትራስ፣ ከእግሯ ሥር ሌላ ትራስ ጨመረችላት። ኡምሰልማ ሰጠመች። ከወገቧ በታች ያለው ሁሉ ደስ አለው። የዐሥርን ሶላት እዚያው ተቀምጣ ሰገደች።

«አንቺ ሥራ ስትሄጂ ማን ይመጣል እዚህ?» ብላ ጠየቀች በኋላ።

«ማንም አይመጣብሽም» አለች ሃፍሳ ልታጽናናት። «ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። በሩን ቆልፌብሽ እሄዳለሁ፣ ምሳሽ አጠገብሽ ይሆናል። እረፍት ነው እማ፤ ይገባሻል።»

እውነቷን ነው፣ ይገባታል። ኡምሰልማ ይህን ለራሷ አልደበቀችም። ደክሟታል፤ የዛሬው የመንገድ ድካም ብቻ አይደለም፣ የብዙ ዓመት ነው። ዓይኗን ጨፍና እዚህ ሶፋ ላይ ብትቀር ማንም አይወቅሳትም። ሐኪሙ እንኳ ነገ በሌላ ሰው ጉልበት ተይዞ ይረሳታል። ሃፍሳ በየቀኑ ማታ እየገባች ትስማታለች። እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን ከሶፋው ወደ አልጋ ይሸከሟታል፣ በክብር።

ሃፍሳ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። መግሪብ ሊደርስ ነበር፤ አዋሽ ላይ ይህ ሰዓት ቤቷ የሚሞላበት ነው። መዲና ብቻዋን ትራወጣለች። ሾፌሮቹ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፣ ወንበሯን ባዶ ሲያዩ «ኡሙስ?» ይላሉ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ ያ በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ቆጥራው አታውቅም። ለገባ ሁሉ ትነሳ በነበረበት ዘመን ጭኗ እንደ ግንድ ነበር። ሐኪሙ ዛሬ ያዘዘላትን መድኃኒት ሃያ ዓመት ስትወስደው ኖራ፣ ካፋራ ፈርታ አቋርጣዋለች። ይህን ስታስብ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ግን ከደረቷ አልወጣም። እዚህ ቤት የሚምልባት የለም፤ የምትነሳለትም የለም።

ነገ ጠዋት ወደ አዋሽ የሚመለስ መኪና አይጠፋም። ይህን ለሃፍሳ በአፏ ብትነግራት ሃፍሳ ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች በኋላም ትምላለች።

ከሶፋው ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። በቂጧ እየተንፏቀቀች ጠርዙ ላይ ደረሰች። ጠረጴዛውን ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ መጀመሪያ አንዱን ከዚያ ሌላውን እግሯን አቀናች። ግድግዳውን እየተደገፈች ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ካለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ደረሰችና ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠችበት። ላብ በጆሮ ግንዷ ወረደ። ልቧ እስኪረጋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ ወንበር እንኳ ተገኘ፣ አለች በልቧ።

እናት ለልጇ አትነሳም። ሐይቅም ሆነ አዋሽ እንዲህ ያደረገች እናት አላየችም። የሚነሳላቸው አባት፣ አጎት፣ እንግዳ፣ ጎረቤት ነው፤ ልጅማ ራሱ ነው የሚነሳው። ቢያዩዋት እህቶቿ ምን ይሉ ነበር?

ደጅ ላይ የሃፍሳ ጫማ ተሰማ። ቁልፉ ዞረ። ኡምሰልማ እጆቿን ከጭኗ አነሳችና ሐኪሙ እንደነገራት ደረቷ ላይ አጣመረቻቸው። ጎንበስ አለች፣ እግሯን ወደ ራሷ ሳበች፣ መሬቱን ገፋችው።

በሩ ሲከፈት ሃፍሳ ዳቦውን እንደታቀፈች ሶፋውን አየች። ባዶ ነበር። ከዚያ እናቷን አየቻት፣ ከወንበሩ ከፍ ብላ፣ ወገቧ እንደታጠፈ፣ ጭኖቿ እየተንቀጠቀጡ። ዓይኗ ግን ሃፍሳ ላይ ነበር፤ እንግዳ ደጅ ላይ ሲታይ በምታይበት አስተያየት ነበር የምታያት።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? ለእኔ ነው እንዴ? ነውር ነው፣ ወላ—»

«አትማይ» አለች ኡምሰልማ።

ሃፍሳ አፏ ውስጥ የነበረውን ዋጠችው። ዳቦው ከክንዷ ሊያመልጥ ሲል ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ለመራመድ አንድ እግሯን አነሳች፤ ከዚያ ያነሳችውን እግር መልሳ ከደፉ ውጭ አሳረፈችው።

የኡምሰልማ ጉልበት ጮኸ። ሁለቱም ሰሙት። ሃፍሳ አልገባችም፤ በሩን እንደያዘች፣ እናቷ እስክትቆምላት ጠበቀች።