ገርባ ያወቀበት ጠዋት

ገርባ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቶ ሳለ ዓይኑ ይደክም ጀመር። መጀመሪያ በፋኖሱ ዙሪያ ጉም የመሰለ ነገር ያይ ነበር፤ ኋላ ጉሙ ወደ ቀኑም ተሻገረ። አንድ ቀን ፈረንጁ አለቃው የተሰነጠቀ ብረት አቀበለው። ገርባ ስንጥቁን በዓይኑ ሳይፈልግ በአውራ ጣቱ ዳብሶ አገኘው። አለቃው ይህን አየ። በማግሥቱ አሰናበተው።

የዓይን ሞራ ነበር። ገርባ ሚስቱን ዘርፉን ይዞ ወደ ተወለደበት ወደ አዳማ ተመለሰ፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ መፍቻዎቹን በየመጠናቸው ግድግዳ ላይ ደረደረ። የልብስ ስፌት መኪና፣ የወፍጮ ሞተር፣ የጠመንጃ ቃታ ይመጣለታል። ሰው ሲገባ በኮቴው ይለየዋል፤ ሳይናገሩት በስማቸው ይጠራቸዋል። ስለዚህ አዳማ ውስጥ ዓይኑ እንደጠፋ ያወቀ የለም። የምታውቀው ዘርፉ ብቻ ናት። እንዝርቷን ይዛ በሩ ላይ ትቀመጥና በፈትሏ የተጠመደች መስላ፣ «ከግራህ ነው»፣ «ዝጓል»፣ «የብሎኑ ክር ተበልቷል» ትለዋለች። እሱ ማየት የተሳነውን እሷ ታይለታለች፤ ሌላው እጁ ያውቀዋል።

የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ባለፈ በዓመቱ፣ ሙሴ ፓናዮቲ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ግሪክ ከጀርመን አገር የመጣ ትልቅ ሞተር ብስክሌት ገዛ። አዳማ ወዲያው ዶቅዶቄ አለችው። ሲሊንደሮቹ እንደ ሌላው ሞተር ሽቅብ የቆሙ ሳይሆኑ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ናቸው፤ ሁለቱ ፒስቶኖች እኩል ወጥተው እኩል ይመለሳሉ። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውም ሰንሰለት ሳይሆን የብረት ዘንግ ነው። ገርባ መጀመሪያ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ ዳበሰው። ከድሬዳዋ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ እጁ ገብቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ ሙሴ ሞተሩን ያመጣለታል። ገርባ የጠቆረውን ዘይት ያፈሳል፣ ካንዴላዎቹን ፈቶ ጥላሸቱን ይጠርጋል፣ የቫልቮቹን ክፍተት እንደ ጥፍር በሳሳች ቆርቆሮ ይለካል። ለዚህ ሁሉ ዓይን አያስፈልገውም። የሚቸግረው የእሳቱን ሰዓት መግጠም ነው። በትልቁ ተሽከርካሪ ብረት ላይ የተቀረጸች አንዲት መስመር አለች፤ መስመሯ በሞተሩ ጎን ካለችው ቀዳዳ መሃል ስትደርስ ነው እሳቱ መፈንጠቅ ያለበት።

«ስትደርስ በይኝ» ይላታል፣ ብረቱን ቀስ እያለ እያዞረ።

ዘርፉ ጎንበስ ብላ በቀዳዳዋ ታያለች። «ገና። ገና። ደረሰች። አለፈች፣ ትንሽ መልሳት።»

ፊደል ያልቆጠረችው ዘርፉ ከዓመት በኋላ የሞተሩን ነገር ከሙሴ ይልቅ ታውቀው ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ ሙሴ ሁሩታ ገበያ ሊወጣ አስቦ ሞተሩን ሰኞ አመጣው። «ሐሙስ እወስዳለሁ» አለ። በማግሥቱ የዘርፉ አክስት ሞታ ዘርፉ ለቅሶ ሄደች። ገርባ ብቻውን የፊት ጎማውን አወረደ፣ ኩሽኔታውን አጥቦ በአዲስ ቅባት ሞላው፣ ጎማውን መልሶ ዳዶውን አጠበቀ። ከዳዶው በኋላ የምትቀር አንዲት ነገር ነበረች፤ ዳዶው እየላላ እንዳይወልቅ በብሎኑ ቀዳዳ አልፋ የምትታጠፍ ቀጭን ሽቦ። ሽቦዋን በጣቱ ይዞ ቀዳዳዋን እየፈለገ ሳለ ሙሴ ፓናዮቲ ከተባለው ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ በሩ ላይ ቆመ።

«ጨረስክ? አሁን መሄድ አለብኝ። ቆዳው ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ነው። አርብ እመለሳለሁ።»

ገርባ ቀና አለ። ሽቦዋን አስገብቻታለሁ ወይስ አላስገባኋትም ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ እጁ ጎማው ላይ ተመልሶ መዳበስ ፈለገ። ግን ሙሴ ፊቱ ቆሞ እያየው ነበር። እንደ ድሬዳዋው አለቃ እያየው መሰለው።

«ጨርሻለሁ፣ ሙሴ» አለ።

በዚያው ቀን፣ ሙሴ ከመነሣቱ በፊት፣ ሞተሩን ዘበኛው ኑሬ አጥቦ አሰናዳው። ኑሬ የአርሲ ሰው ነው፣ ዕድሜው አርባ ገደማ። በዚያው ሰሞን እናቱ ሞተውበት ለቀብር ልሂድ ቢል ሙሴ ከልክሎታል፤ ያን ጊዜ ኑሬ በሰው ፊት፣ «አንተም የምትሄድበት ይጥፋህ» ብሎት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዘርፉ ከለቅሶ ተመልሳ ክፍሉን ስትጠርግ መጥረጊያው ሥር አንዲት ነገር አቃጨለች። አንስታ በባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይቺ የምን ናት?»

ገርባ ጨበጣት። ሽቦዋ አልታጠፈችም፤ እንደ ነበረች ቀጥ ብላለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«የሙሴ ናት» አለ። «ትናንት ሞተሩን ወሰደ፤ እስከ አርብ ሁሩታ ነው።»

«ታዲያ ሰው ላክበት እንጂ። አርብ አይደል የሚመለሰው?»

ገርባ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ጎረቤታቸው ጂብሪል እህል ነጋዴ ነው፤ በቅሎዎቹ በየማለዳው ወደ ሁሩታ ይወጣሉ። አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበር፤ ሙሴ ሞተሩ ላይ እንዳይቀመጥ ንገሩት ማለት። ገርባ መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያዘጋጀ ሄደ። ቃሉ ግን ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ገርባ፣ እንዴት አደርክ» አለው ጂብሪል ጭነት እያጠበቀ። «ምነው በማለዳ? የምትልከው አለህ?»

በቅሎዎቹ መሬቱን ይቧጥጣሉ። 

«የለኝም» አለ ገርባ። «እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

ሲመለስ ለዘርፉ ልኬያለሁ አላት። ለራሱም ዳዶውን እስከ ቻልኩት አጥብቄዋለሁ፣ ይይዛል አለ። ሐሙስንም ይህንኑ ሲል ዋለ።

አርብ ከቀትር በኋላ ሙሴ ፓናዮቲ ወደ አዋሽ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሲመጣ የፊት ጎማው ወለቀ። ሰዎች ሲደርሱ ሞተሩ ከላዩ ነበር። በሚቀጥለው ባቡር አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ቁልቁለቱን ያዩ ወታደሮች ዳዶ በራሱ አይወልቅም፣ የፈታው ሰው አለ አሉ። ሞተሩን ማን አጠበ? ኑሬ። ማን ረገመው? ኑሬ። በዚያው ምሽት ኑሬን ይዘው ከአንድ ወታደር ጋር በሰንሰለት አቆራኙት።

ዘርፉ ወሬውን ከውኃ ቦታ ሰምታ መጣች። እንስራዋን አውርዳ ቆመች።

«ላክህ አይደል?»

ገርባ ፊቱን መፍቻዎቹ ወደተደረደሩበት ግድግዳ አዞረ። ዘርፉም ደግማ አልጠየቀችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሩ ላይ መቀመጥ ተወች። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ውኃ ታስታጥበዋለች፤ ቃል የለም። ዐሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የልብስ ሰፊዋ የአሰለፈች መኪና ተሰበረና መጣ። ገርባ ከፍቶ የወለቀ ጥርስ ፈለገ፣ አላገኘውም።

«ዘርፉ፣ እስኪ ነይ እይልኝ።»

መጥታ አጠገቡ ቆመች። ትንፋሿን ይሰማል።

«እኔም አይታየኝም» አለችው፤ ወጥታም ሄደች።

ገርባ መኪናውን እንደ ተከፈተ ተወው። ከዘራውን ይዞ፣ መንገዱን እየቆጠረ፣ ከጉምሩኩ ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ግራር ሥር ችሎት ወደሚያስችሉት ወደ ባላምባራስ ገብረወልድ ሄደ።

የኑሬ ጉዳይ እየተሰማ ነበር። ገርባ ሰዉን በትከሻው እየገፋ ገባና ነጠላውን አደግድጎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው ዳዶ አልፈታም። ሽቦዋን ሳላስገባ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ባላምባራስ እንደ መሳቅ አሉ። «ገርባ፣ የወፍጮዬን ሞተር ባለፈው ወር ማን ጠገነው? የኑሬ ዘመዶች አስፈራርተውህ ይሆናል እንጂ ዕውር ሞተር ይፈታል?»

«እጄ ያያል፣ ጌታዬ። ዓይኔ ነው የማያይ።»

ባላምባራስ አንድ ነገር ወደ ላይ አነሡ። «ይህ ምንድነው?»

ገርባ ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። ጉም ነበር፤ ከጉሙ ውስጥ ትንሽ ጠቆር ያለ።

«አላውቀውም።»

«ቅረብ።»

ሁለት እርምጃ ቀረበ። «አሁንስ?»

«አላየውም፣ ጌታዬ።»

ከሰዉ መካከል አንዲት ሴት፣ «ወይ ጉድ፤ እኔ ፊቱ ቆሜ ስስቅ የሚያየኝ መስሎኝ» አለች።  ባላምባራስ ያነሡት የራሳቸውን የዝንብ ጭራ እንደ ነበር ገርባ ኋላ ሰማ።

ያን ጊዜ የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ። ኑሬ ተነሥቶ ነበር። የተናገረው በኦሮምኛ ነው፤ የገርባ አፍ መፍቻ ነውና ጥያቄው እንዳያመልጠው ይመስላል።

«ዮም ቤክቴ?» አለው። መቼ አወቅህ ማለቱ ነው።

ይህን ጥያቄ ዳኛው አልጠየቁም ነበር፤ ገርባም እንዳይጠይቁት ሲጸልይ ነው የመጣው። ረስቻለሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ አውቄ ተውኩ ማለት ሌላ ነው። ዘርፉ ከሰዉ ጀርባ መቆሟን አያውቅም፤ ትኑር አትኑር ግን አሁን ለውጥ አልነበረውም።

«ሙሴ በሄደ በማግሥቱ፣ ማለዳ» አለ። «ሽቦዋ ተገኘች። ሁለት ቀን ነበረኝ። የጂብሪል በቅሎዎች ፊት ቆሜ ተመለስኩ። ዕውር መባልን ፈራሁ።»

ኑሬ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሰንሰለቱን ከኑሬ እጅ ፈትተው በገርባ እጅ አደረጉት። ስድስት ወር ታሰረ። ዘርፉ በየቀኑ ስንቅ ታመጣለታለች፤ ስለ ቤት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ታወራዋለች። ስለዚያች ማለዳ አንሥታበት አታውቅም። እሱ ታስሮ ሳለ ሰዎች እየመጡ ያልተሠራ ዕቃቸውን ወሰዱ፤ የተሠራውንም ወስደው ድሬዳዋ ልከው አስመረመሩት። መስከረም ላይ ከሙሴ ፓናዮቲ ደብዳቤ መጣ። ክስ አልፈልግም፣ እኔ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ይላል። ስለ ገርባ ሌላ የጻፈው አልነበረም።

ገርባ ሲወጣ ጉሙ ሙሉ በሙሉ ዘግቶት ነበር። ክፍሉን ለቅቀው ከከተማው ዳር ጎጆ ቀለሱ። እሱ ቃጫ ይገምዳል፣ ዘርፉ ገበያ ታወጣለታለች፤ ገመዱ ጥሩ ነው ይላሉ።

አንድ ቀን በጣቢያው በኩል ገመድ ተሸክሞ ሲያልፍ ሸክም የከበደው ሰው ኮቴ ሰማ። ኮቴውን ለየው። ኑሬ ከሙሴ ቤት ወጥቶ የባቡር ጭነት ያወርድ ነበር።

«ኑሬ» አለ ገርባ ቆሞ።

ኮቴው ቆመ። ሸክሙ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አካም ጂርታ?» አለው ኑሬ። እንደ ወጉ ሁሉንም ጠየቀው፤ ጤናውን፣ ቤቱን፣ ሚስቱን፣ ዝናቡን። ገርባ ለእያንዳንዱ መለሰ። እሱም በተራው ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አገር ቤቱን ጠየቀ። ኑሬ ለእያንዳንዱ ደህና ነው አለ። ከዚያ የሚጠየቅ አለቀ። ገርባ ስለዚያች ማለዳ የሚለው ይኖር ይሆን ብሎ ጠበቀ፤ ኑሬ ሸክሙን አንሥቶ ወደ ፉርጎዎቹ ሄደ።