ስኳር የማይገባበት ሻይ

እናቴ ሻይን ትቀቅለዋለች። ታፈላዋለች አልልም፤ ሽሮ እንኳ ያን ያህል እሳት አያይም። ቅጠሉን፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን አንድ ላይ በራዱ ውስጥ ትከትና ውኃው ጠቁሮ ቤቱን እስኪያውደው ድረስ አታወርደውም። ከዚያ ስኳር። የብርጭቆው ሲሶ ስኳር ካልሆነ እንግዳውን የሰደበች ይመስላታል። ይህን የማወራው ሻይዋን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሰቆጣ ውስጥ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚጠጣው፣ እኔም ያደግሁበት ነው። የማወራው ከዱባይ ያመጣሁትን ኡሎንግ የሚሉትን የታይዋን ሻይ እንዲሁ አድርጋ ስለቀቀለችብኝ ነው።

ዱባይ የሠራሁት አንድ የታይዋን ነጋዴ ቤት ነበር። የነጋዴው እናት አሮጊት ናቸው፤ ከሻይ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ለእረፍት ስመለስ አንድ ቆርቆሮ ኡሎንግ ሰጡኝ። በዘጠና ዘጠኝ ሚያዝያ ነጋዴው በባለሱቁ በፋንታሁን ስልክ ደውሎ፣ ወሩ ሳያልቅ ካልመጣሽ ሌላ ሠራተኛ እንይዛለን አለኝ። መሄድ ፈልጌ ነበር። እዚህ ምን ልሠራ ነው? እኩዮቼ ወልደው ከብደዋል፤ እኔ ቦኖ ተሰልፌ ውኃ ከመቅዳትና «መቼ ነው የምትድሪያት?» ሲባል ከመስማት በቀር ሥራ የለኝም።

ችግሩ ምርቃቱ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ለእናቴ ሳልነግራት ነበር የወጣሁት። ባመመኝ ቁጥር፣ ዕቃ ከእጄ ወድቆ በተሰበረ ቁጥር፣ ያልተመረቀች እንዲህ ናት እያልሁ ራሴን ስረግም ኖርሁ። አሁን ሳትመርቀኝ ንቅንቅ አልልም። እሷ ደግሞ ድርቅ አለች።

«የማላውቀው ቤት ለምትገባ ልጅ ምን ብዬ ነው የምመርቅ?»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው እማ። ሻይ እንኳ አብሬያቸው ነው የምጠጣው።»

«ሻይ ማንም ያጠጣል።»

«ይኼ እንደ ሌላው ሻይ አይደለም አልሁሽ እኮ!»

«እንግዲያስ አሳዪኛ።»

ላሳያት ቆረጥሁ። አንዲት ቅጠል ላይ ያን ያህል የሚጠነቀቁ ሰዎች ሰው እንደማይጎዱ ይገባታል ብዬ ነበር። ቦኖ ወርጄ፣ ተራ ጠብቄ፣ ውኃውን በአህያ ጭኜ ስመለስ ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ይላል። የቆርቆሮው ግማሽ በራዱ ውስጥ ይንተከተካል!

«ላግዝሽ ብዬ ነው» አለችኝ። «ሳየው የፍየል በጠጥ መሰለኝ፤ ጠንካራ ነው፣ እንዲበስል ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው፣ ኡሎንግ ሲደርቅ ተጠቅልሎ ድብልብል ይላል። ግን እንዲህ ይባላል? የተቀቀለውን ደፋሁት። እሷ ስኳሩ አሳዝኗት ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና ሞከርሁ። በራዱን በአመድ ፈትጌ ፈትጌ የቅርንፉዱን ሽታ አስለቀቅሁት። እትዬ ወለተ ሚካኤልን ጠራሁ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ እሳቸው ያላሉትን አታደርግም። ውኃውን አፈላሁና አውርጄ ትንሽ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ቅጠሉ ላይ ጨመርሁ። ወዲያው ያንን የመጀመሪያውን ውኃ ደጅ ደፋሁት።

«ምን አደረግሽ?» እናቴ ብድግ አለች። «ውኃ ትደፊያለሽ?»

«ቅጠሉ ይታጠባል።»

«ቆሻሻ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?»

«አይደለም እማ፣ እንዲነቃ ነው።»

«ተኝቶ ኖሯል?» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል፤ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

እናቴ በኽምጣንጛ ማጉረምረም ጀመረች። አማርኛዋን የምትተወው በጣም ስትናደድ ነው። ውኃውስ ለእኔ አያንገበግበኝም? የተሰለፍሁት እኔ! ግን አሠራሩ እንዲያ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሁለተኛውን ውኃ ጨምሬ ብዙም ሳላቆይ በሦስት ብርጭቆ ቀዳሁት። መልኩ ብርዝ ይመስላል። የእናቴ እጅ ወደ ስኳሩ ሲሄድ ዕቃውን ነጥቄ ከጀርባዬ ደበቅሁት። እንግዳ ፊት ስኳር መንጠቅ! እናቴ በኀፍረት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዳቦስ?» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል።

«በባዶው ነው እትዬ።»

ፉት አሉና ወደ ጣሪያው አንጋጠው አሰቡ። «ገለባ የተዘፈዘፈበት ውኃ ነው የሚለው፣ ልጄ።»

«ይታገሡ። ከዋጡት በኋላ ነው ጣፋጭነቱ ከጉሮሮ ተመልሶ የሚመጣው።»

«ከዋጥሁት በኋላ መጥቶ ምን ይሠራልኛል?»

ራሴን ይዤ መጮኽ አማረኝ። የራሴን አነሣሁና ጠጣሁ። ያኔ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ሻዩ እኔ የማውቀው አይደለም። አበባ አበባ ይሸታል፣ ከሥሩ የተቆላ ገብስ አለው፣ ምላስ ያዝ ያደርጋል። የማውቀው ኡሎንግ ለስላሳ ነው፣ ሳሳ ያለ፣ ጣፋጭነቱም ከሩቅ ነው። አበላሸሁት! ቅጠል አብዝቻለሁ፣ ወይ ውኃው ነው፣ ወይ ያ የተረገመ በራድ ነው።

«ተዉት፣ አትጠጡት» አልኋቸው። «እንዲህ አይደለም። ቆዩ፣ ቅጠሉ ገና ነው።»

ውኃ ጨመርሁ፣ ቀዳሁ፣ ቀመስሁ፤ አሁንም አይደለም። እንደገና ጨመርሁ፤ ቀረብ አለ። እናቴ በየብርጭቆው ውኃው ሲያልቅ እያየች በረጅሙ ትተነፍሳለች። አንድ ጊዜ ደግሜ ስጨምርበት መልኩ ገረጣ፣ ሽታው ረገበ፣ ጣዕሙም ያ የማውቀው ሆነ።

«ይኼው! ይኼ ነው እማ፣ ቅመሺ!»

እናቴ ብርጭቆውን ተቀበለችኝ እንጂ አልቀመሰችም። የበራዱን ክዳን ከፍታ ቅጠሉን አየችው። ተዘርግቶ፣ ነጥቶ፣ በራዱን ሞልቶታል። ንዴቷ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ።

«ፅዮን፣ እዚያ ቤት አቦሉን ማን ነበር የሚጠጣው?»

«አሮጊቷ ናቸዋ።»

«ቶናውንስ?»

«ልጃቸው። እንግዳ ካለም እንግዳው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እነሱ ሲጨርሱ በራዱን ወደ ማድቤት አስገባና ውኃ እጨምርበታለሁ። እሳቸው ናቸው የፈቀዱልኝ። ሌላ ቤት ቢሆን ይደፉታል!»

«አብሬያቸው ብለሽኝ ነበር።»

 ደሜ ፈላ፤ ውኃ ደፋሽ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ከዋለችው ይልቅ በዚህች ጥያቄ ተናደድሁባት። አሮጊቷ ክፉ አይደሉም፣ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ፣ ቆርቆሮውንም በእጃቸው ነው የሰጡኝ ልላት ፈለግሁ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እስከዚያች እሑድ ድረስ ከአንድም በራድ የመጀመሪያውን ቀምሼ አላውቅም ነበር። ተበላሽቷል ብዬ አትጠጡት ያልሁት ሻይ፣ ደኅናው ሻይ ነበር።

 እናቴ ያን የገረጣውን ሻይ አንሥታ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣችው። ከዚያ ተነሥታ ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። ከመጣሁ ጀምሮ የለመንኋትን ልትሰጠኝ ነው።

«የወለደሽ ማሕፀን ይመርቅሽ። በሄድሽበት ሁሉ እግዚአብሔር አቦሉን ያጠጣሽ።»

ሌላ አልጨመረችም። ሂጂም አላለችኝ፣ ቅሪም አላለችኝ። እጇ እንደተዘረጋ ይጠብቀኛል።

እንዲህ ተመርቄ እንዴት ነው እዚያ ማድቤት ተመልሼ የምገባው? ሌላ ምርቃት ጠፍቶ ነው? ረጅም ዕድሜ፣ ጤና፣ ሲሳይ፣ ሌላው ሁሉ እንደሚመረቀው ብትመርቀኝ ምን ነበረበት?

«አሜን በይ እንጂ!» አሉኝ እትዬ ወለተ ሚካኤል።

አሜን ካልሁ ዱባይ ቀረ። እንባዬ በንዴት እየወረደ፣ እናቴን ቀና ብዬ ሳላያት፣ አሜን አልሁ።