የመጨረሻው እጅ ቫርኒሽ

ገላኔ የሳሎኑን መስኮት ክፍተት በፕላስተር እየደፈነች ሳለ ከጓዳ በኩል ሲሰማ ያረፈደው ሳል ድንገት ቆመ። ጥቅሉን እንደያዘች ጆሮዋን አቀናች። አማቷ አዴ ቡዜ ሲያስሉ መስማት ለምዳዋለች፤ ዝም ማለታቸው ግን አስደነገጣት። ስትሮጥ እንኳ የኮሪደሩን በር ላለመንካት ክርኗን ሰብስባ ነው ያለፈችው። ሁለተኛው እጅ ቫርኒሽ ትናንት የተቀባ ነው።

አዴ ቡዜ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለዋል። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አየር የሚገባላቸው አይመስልም። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

“አዮ፣ እናቴ፣ ምነው ሳይጠሩኝ?” አለች ገላኔ።

ሊመልሱ ሞከሩና አቃታቸው። ቫርኒሽ ቀቢው ወዬሳ ለሦስተኛው እጅ ሲያዘጋጅ የነበረውን ብሩሽ አስቀምጦ መጣ። ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ግቢ አወጧቸው፣ ባጃጅ ላይ ጫኗቸው፤ ወዬሳ ወደ ሥራው ሲመለስ ገላኔ አማቷን አቅፋ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ገሰገሰች።

ነገሩ ከሰሞኑ ጀምሮ የሚታይ ነበር፤ ማየት ያልፈለገች እሷ ናት። አዳማ ላይ ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው ከነፋስ ጋር ግብግብ መግጠሙን ማወቅ አለበት። ከሰዓት በኋላ አቧራውን አንስቶ ሲመጣ እርጥብ እንጨት ላይ ሄዶ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ መስኮት ይዘጋል፣ ክፍተት ይደፈናል፣ ሽታው ቤት ውስጥ ይቀራል። ባሏ ጋሮምሳ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እሷም እስካለፈው ሳምንት ኢንዱስትሪ ፓርክ ስትሰፋ ትውል ነበር፤ ፈቃድ የወሰደችው ለዚሁ ለቤቱ ማጠናቀቂያ ነው። ሽታውን ሌት ተቀን ሲምጉት የከረሙት አዴ ቡዜ ብቻ ናቸው።

በሮቹ ዋንዛ ናቸው። ገላኔ ከቤቱ ሁሉ አብልጣ የምትወደው እነሱን ነው። ውሃ አታስነካቸውም፤ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራቸውን ታነሳለች፣ ከዚያ ራቅ ብላ ቆማ ታያቸዋለች። ዘጠኝ ዓመት በኖረችበት የኪራይ ቤት አከራይዋ ሸዋወርቅ በገባች በወጣች ቁጥር “በሩን ቀስ አድርጊው፣ የአባትሽ አይደለም” ስትላት ኖራለች። ለእሁዱ የቤት ምረቃ ገላኔ መጀመሪያ የጠራችው የሥጋ ዘመድ እንዳይመስላችሁ፤ ሸዋወርቅን ነው።

አዴ ቡዜ ድሮም ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት። አዲሱ ቤት በገቡ ሰሞን ገላኔ “አዮ፣ መቃኑን ባይይዙት፣ የእጅ አሻራ ይታተምበታል” አለቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው፤ በቃ። ከዚያን ቀን ወዲህ በኮሪደሩ መሃል፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ምንም ሳይነኩ ነበር የሚራመዱት። ደግሞ የቤቱ ጣሪያ የእሳቸው በሬዎች ናቸው። ድሮ ሲኖሩበት በነበረው ኩየራ ዳር የነበራቸውን ሁለት በሬ ሸጠው ነው ቆርቆሮው የተገዛው።

ክሊኒኩ ውስጥ መድኃኒት የሚተፋ ጭምብል አፍና አፍንጫቸው ላይ አደረጉላቸው። ከንፈራቸው ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ። ነርሷ ቤት ውስጥ ጭስ እንዳለ ገላኔን ጠየቀቻት፤ የለም አለች። ቀለምስ?

“አዲስ ቤት ነው” አሉ አዴ ቡዜ ጭምብሉን ገለጥ አድርገው። “በጣም ያምራል።”

ነርሷ አማትና ምራትን ተራ በተራ አየቻቸው። “ወይ መስኮቱ ሌት ተቀን ይከፈት፣ ወይ እዚያ ቤት አይደሩ” አለች። “ሌላ ጊዜ እዚህ ላይደርሱ ይችላሉ።”

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ገላኔ ባሏ ጋ ደወለች። ስልኳ ወድቆ ጆሮው ስለተበላሸ በድምፅ ማጉያው ካልሆነ አይሰማም። አዴ ቡዜ አጠገቧ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ለገላኔ የተኙ መስሏታል።

“አሁን እንዴት ናት?” አለ ጋሮምሳ።

“ተንፍሰዋል። ግን መስኮት ይከፈት ተብሏል። ሌት ተቀን።”

ጋሮምሳ ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማ። “ሦስተኛው እጅ አልተቀባም?” አለ።

“ዛሬ ነበር።”

“እሁድ ሰው ጠርተናል እኮ ገላኔ። አለቃዬም ይመጣል። በሩ እንደዚያ አቧራ ለብሶ… እስኪደርቅ ድረስ ኩየራ እህቴ ጋ ብትቆይስ?”

ገላኔ “ጭሱስ?” ልትል አፏን ከፈተች። የጋሮምሳ እህት አንዲት ክፍል ውስጥ በእንጨት እያበሰለች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አምና አዴ ቡዜን ሊገድላቸው ደርሶ የነበረው እሱ ጭስ ነው፤ ወደ አዳማ የመጡትም ከእሱ ሸሽተው ነው። ይህን ባልም ሚስትም ያውቃሉ። ገላኔ ግን አላለችም። ሐሳቡ ከእሷ አፍ ሳይሆን ከእሱ ስለወጣ ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላትም በራሷ አፈረች።

ስልኩን ስትዘጋ አዴ ቡዜ ዓይናቸውን ገልጠው አስፋልቱን እያዩ ነበር።

“የልጅ ልጆቼ ናፍቀውኛል” አሉ። “ዛሬውኑ ብሄድ ይሻላል።”

“ጥቂት ቀን ነው አዮ። እስኪደርቅ።”

“አዎ። እስኪደርቅ።”

ልብሳቸውን ለመያዝ በቤት በኩል አለፉ። አዴ ቡዜ ባጃጁ ውስጥ ቀሩ፤ አልወርድም አሉ። ገላኔ ጓዳ ገብታ ሻንጣቸውን አንስታ ልትወጣ ስትል በሩ ሥር የተጠቀለለ ነገር አየች። የአዘቦት ነጠላቸው ነው፤ ውሃ ነክረው፣ ጠምዝዘው፣ ሽታው በበሩ ሥር እንዳይገባባቸው ክፍተቱን ደፍነውበታል። ስንት ሌሊት እንዲህ ሲያደርጉ እንደቆዩ አታውቅም። ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ያደረገችው እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ እንደሆነ በጣቷ መዳሰስ ነው። አላበጠም። ተመስገን ካለች በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት፤ ነጠላውን እንደያዘች ጥቂት ጊዜ እዚያው ቁጢጥ ብላ ቀረች። ከዚያ ጨምቃ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

መናኸሪያው ሙቀትና ግርግር ነው። በኩየራ የሚያልፈው የሻሸመኔ ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ገላኔ መስኮት ዳር አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ ገዛችላቸው፣ በአፍ የሚሳበውን የክሊኒኩን መድኃኒት ከደረት ኪሳቸው አውጥታ እንዴት እንደሚነፋ ደግማ አሳየቻቸው። ሥራ እየፈጠረች እንደሆነ ለራሷም ታውቋታል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚቀራት፤ ይውረዱ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ።

“ለእሁዱ እኮ ይመጣሉ” አለች በምትኩ። “ያለ እርስዎ ማን ይመርቅልናል?”

አዴ ቡዜ አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብትፈልግ አጣች፤ ቢኖር ይሻላት ነበር።

“እሁድን እግዜር ያውቃል” አሉ። “አሁን ልመርቅሽ። እጅሽን ዘርጊ።”

ገላኔ በመስኮቱ ሥር ቆማ መዳፎቿን ዘረጋች። ምርቃቱ በቁርጥራጭ ትንፋሽ ነበር የሚወጣው።

“ቤቱ ይሙቃችሁ። ልጅ… ይሩጥበት። በሩ እንግዳ… አይመልስ። የታመመ ይዳንበት። ክፉ አይግባበት።”

“አሜን” አለች ገላኔ። ሌላ ምን ትላለች። አንገቷን ደፍታ አሜን፣ አሜን ስትል እንባዋ መጣ፤ አሮጊቷ እንዳያዩባት በእጇ ጀርባ ጠረገችው። አዴ ቡዜ ደክሟቸው ወደ ወንበሩ ተደገፉ። አገጫቸውን ቀና አድርገው በመስኮቱ የሚገባውን አየር እየሳቡ አረፉ።

ስልኳ ጠራ። ወዬሳ ነው።

“እትዬ ገላኔ፣ ነፋሱ ገና አልተነሳም። የመጨረሻውን እጅ የምቀባው ከሆነ አሁን ነው። ከቀባሁት ግን ቤቱ እስከ ነገ ማታ አይከፈትም። እማማ የሚመለሱ ከሆነ ልተወውና መስኮቱን ልክፈት። በሁለት እጅም በሩ ምንም አይሆንም፤ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ።”

ገላኔ ወደ ሚኒባሱ ዞረች። ሁለት ቦታ ቀርቷል፤ ረዳቱ ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ እያለ ይጣራል። ሞተሩ አልተነሳም። ሻንጣው እግራቸው ሥር ስለሆነ ለማውረድ እንኳ የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። አዴ ቡዜ የስልኩን ድምፅ ሰምተዋል፤ መስማታቸውን ከአያያቸው አወቀች። እጃቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ብቻ ይጠብቃሉ።

የኩየራው ቤት ጥላሸት የጠጣ ጣሪያ ታያት። ሸዋወርቅም ታየቻት፤ እሁድ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ የሚያብለጨልጨውን ዋንዛ በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ፣ የምትለው ሲጠፋት።

“እትዬ፣ ይሰማል?” አለ ወዬሳ።

“ይሰማል” አለች፤ ፊቷን ከመስኮቱ አዙራ። “ቅባው።”