የትንሽነት ተራ

ልብስ ሰፊዋ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል። ሆዷና የስፌት መኪናዋ ቦታ እየተሻሙ፣ እግሯ አብጦ በነጠላ ጫማ ትውላለች። ባሏ የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ ሳምንቱ ነው። የስድስት ዓመት ልጇን ለሚመጣው ሕፃን እንድታዘጋጃት ያልመከራት የለም፤ መካሪስ ሞልቷል፣ የጠፋው አጋዥ ነው። እሷም የቻለችውን አደረገች። "አንቺ እኮ አሁን ትልቅ ነሽ" አለቻት።

ቃሉ እንዲህ ይሠራል ብላ አልጠበቀችም። ልጅቷ ብቻዋን ትታጠብ፣ ብቻዋን ትለብስ፣ ብቻዋን ትተኛ ጀመር። ማልቀስም ተወች። እናት ተመስገን አለች። የደከመው ሰው እፎይታ ሲያገኝ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ነገሩን የነገረቻት ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ናት።

"እህቴ፣ ልጅሽ ታነክሳለች እኮ!"

ደንበኛዋ እንደሄደች ልጇን ጠርታ ጫማዋን አወለቀችላት። ካልሲው ተረከዟ ላይ በደም ደርቆ ተጣብቋል። ጫማው ከጠበባት ሰንብቷል። የሰፈሩን ሰው ወገብ በዓይኗ የምትለካ ሴት የገዛ ልጇ እግር ማደጉን አላየችም! በራሷ አፈረች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትልቅ ነኛ። ትልቅ ሰው አያስቸግርም።"

ካልሲውን ለብ ባለ ውሃ እያራሰች አላቀቀችው፤ ቁስሉንም በንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ አሰረችላት። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ ድምፅ አላሰማችም። የእናትን አንጀት የበላው ያ ዝምታ ነው።

"እማዬ፣ ዛሬ ብቻ ትንሽ ልሁን?"

"ሁኚ የኔ ሆድ። ዛሬም፣ ነገም።"

"ሕፃኑ ሲመጣስ?"

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ግን መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

"ያኔ ተራ እንገባለን። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን አንቺ።" በረጅሙ ተነፈሰች። "አንዳንዴ ደግሞ እኔ።"

ልጅቷ የእናቷን ሆድ አየች፣ ያበጠ እግሯን አየች፣ መኪናው ሥር የተከመረውን ያልተሰፋ ጨርቅ አየች። ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ የታሰረ እግሯን ዘርግታ ጭኗን መታ መታ አደረገች።

"እሺ፣ ዛሬ ያንቺ ተራ ይሁን።"

እናት ሳቋ መጣ። ለአፍታ ብላ ራሷን እዚያች ትንሽ ጭን ላይ ጣል አደረገች፤ እንቅልፍ በዚያው ይዟት ሄደ። ልጅቷም እግሯ እየደነዘዘ፣ እናቷ እንዳትነቃባት ሳትነቃነቅ ቁጭ አለች።