የተኙት ጠርሙሶች

አልጣሽ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት አንድ ጋቢና በጨርቅ የተቋጠረ በሶ በአሮጌ መቀነት አስራ ከበሩ ኋላ አስቀመጠች። ለእስር ቤት ነው። ማንም አልከሰሳትም፤ የጠራትም የለም። ነገር ግን ዛሬ ምሳ ላይ በሆቴሉ የፈረንሳይ ወይን ይከፈታል፤ ወይኑ ተበላሽቶ ከተገኘ ተጠያቂዋ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ናት። የቀረውን በሐሳቧ ሌሊቱን ጨርሳዋለች። ይወስዷታል፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ በዚያን ሰዓት ጋቢ ፈልጎ የሚያመጣላት አይኖርም።

"እማዬ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ልጇ ማሚቱ።

"ምንም። ሰው መጥቶ የእናትሽን ጋቢ ስጪ ካለሽ እሱን ትሰጪዋለሽ።"

"የምን ሰው?"

"እኔ ምን አውቄ! ለክፉ ነገር መልእክተኛ ጠፍቶ ያውቃል?"

ማሚቱ ሳቀች። እናቷ ባለፈው ክረምትም ጣሪያው ይደረመሳል ብላ አልጋውን ከክፍሉ መሐል ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ መሐል ስታዞር ነው የከረመችው። ጣሪያው ግን አሁንም አለ።

ይሁን እንጂ የዕቃ ቤቱ ፍርሃት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። አልጣሽ በወልድያ ከተማ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ነው በላሊበላው የመንግሥት ሆቴል የተቀጠረችው። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ስኳር ጎደለበት ተባለ፤ ጉድለቱ "የኢኮኖሚ አሻጥር" የሚል ስም ወጣለት፤ በመኪና ወደ ደሴ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውም አልተሰማ። አልጣሽ የተረከበችው ቁልፍ ዛሬም እሱ ባሰረበት ሲባጎ ነው የሚንጠለጠለው። ልትፈታው እጇ አይታዘዝላትም።

ወይኑ የመጣው ከአብዮቱ በፊት፣ ሆቴሉ የግል በነበረበት ዘመን ነው። ባለቤቱ አገር ጥሎ ሲሄድ ጠርሙሶቹ ከሆቴሉ ኋላ ዓለቱ ተፈልፍሎ በተሠራው ዕቃ ቤት ውስጥ ቀሩ። ከፊሎቹ የወርቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ አንገታቸው በቀይ ሰም የታሸገ ናቸው። የሌሎቹን ወረቀት አይጥ ለሙጫው ስትል በልታዋለች፤ ማንነታቸውን የሚናገረው በሣጥኖቹ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰው "ሎዋር" የሚል ቃል ብቻ ነው። አልጣሽ ቃሉን ከጂኦግራፊ ትምህርት ታስታውሰዋለች፤ የፈረንሳይ ትልቅ ወንዝ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሙሉሃብት ገና ተሹሞ በመጣ ሰሞን ዕቃ ቤቱን ጎበኘና ባለወርቆቹን ወደደ።

"እነዚህ ውድ መሆናቸው ያስታውቃል። ወደ ምግብ አዳራሹ ይውጡ! መስኮቱ ሥር በሰልፍ ይቁሙ፤ እንግዳ ይያቸው" አለ።

እነዚያ ቆሙ። ስመ ቢሶቹን ግን አልጣሽ በጭድ ላይ አስተኛቻቸው። ማንም አላዘዛትም። ለእሷ የቆመ ነገር ሁሉ ሊወድቅ ያለ ነገር ነው። ድመት ትገፋዋለች፣ መሬት ይንቀጠቀጣል፣ ስባሪው ይለቀማል፣ ከዚያ "ማን ሰበረው?" ይመጣል።

ሙሉሃብት አንድ ቀን አይቶ "ጠርሙስ እንደ በሽተኛ ይተኛል እንዴ? ሥርዓት የለሽም" ብሎ ተቆጥቷት ነበር። እሷም "እሺ ጓድ" አለች፤ አላነሣቻቸውም።

ትናንት ደግሞ ትእዛዝ መጣ። የአብያተ ክርስቲያናቱን የግድግዳ ሥዕል የሚያጠኑ ፈረንሳዮች ከአሸተን ማርያም ወርደው ምሳ ሆቴሉ ይበላሉ። ሙሉሃብት እጁን እያፋተገ "የአገራቸውን ወይን በርካሽ እናቀርብላቸዋለን፤ የውጭ ምንዛሪ ነው!" አለ። ሊወጣ በር ላይ ሲደርስም ዞር ብሎ "የሕዝብ ንብረት ነው። አንዳች ነገር ቢገኝበት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ" አላት። ጋቢውን ያሳሰራት ይህች ንግግር ናት።

ጋሽ አረጋ የሆቴሉ ሽማግሌ አሳላፊ ናቸው። በወጣትነታቸው በባላባት ቤት ጠጅ ያሳለፉ፣ እስከዛሬም ማንኛውንም መጠጥ ለእንግዳ ከማቅረባቸው በፊት በመዳፋቸው ጠብ አድርገው የሚቀምሱ ሰው ናቸው። ጠዋት አንዱን ባለወርቅ ጠርሙስ ከፈቱ። ቡሹ ደርቆ እንደ ቆሎ በጣታቸው መሐል ተፈረፈረ። መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ።

"አበስኩ ገበርኩ! አልጣሽ፣ ይኼ ኮምጣጤ ነው!"

አልጣሽ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። "በቃ አለቀልኝ። ሌላውን ይዩት እስቲ፣ ጋሽ አረጋ።"

ሌላውም ያው ነው። ከጭዱ ላይ አንድ አምጥታላቸው እሱንም ቀመሱ። "ይኼም ኮምጣጣ ነው። ፈረንጅ ሲባል ጣፋጭ አያውቅም ልበል? ቆይ፣ ዝም ብለሽ አታልቅሺ! ጠጅ ሲኮመጥጥ ምን ይደረጋል? ማር ይጨመርበታል። የእኛ የላስታ ነጭ ማር እንኳን ይኼን፣ የባለሥልጣን ምላስ ያጣፍጣል።"

"ቀስ ይበሉ፣ ይሰሙዎታል!"

"ይስሙኛ! እኔ የምፈራው ጉልበቴን ብቻ ነው።"

ባለወርቆቹን በማሰሮ ቀላቅለው፣ ማሩን በጥብጠው፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልለው በብርሌ ቀዱት። አልጣሽ ቀመሰችው። ጣፈጠ። ለቅጽበት ያህል እስር ቤቱ ራቀላት፤ ወዲያው ደግሞ "ሆዳቸውን ቢያማቸውስ?" የሚል ሐሳብ መጣባት። መርዝ አበላች ሲባል ታያት።

እንግዶቹ አቧራቸውን አራግፈው ተቀመጡ። መሪያቸው ማዳም ኢቬት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ለዓመታት ከካህናት ጋር ስለዋለች አማርኛዋ የደብር አማርኛ ነው። ከፊቷ የተቀመጠውን ብርሌ አንስታ አሸተተች፤ ተጎነጨች፤ ቀስ ብላም መልሳ አስቀመጠችው።

"ይህ ምንድን ነው፣ ወንድሜ?"

"የአገርዎ ወይን ነው ማዳም! ከሁሉ ውዱ!" አለ ሙሉሃብት።

"ማር አለበት።"

ሙሉሃብት ዞሮ አልጣሽን አያት። ሌላ ሰው ቢሆን ጥቂት ያቅማማ ነበር፤ አልጣሽ ግን ስትፈራ ምላሷ አይያዝም፣ ይፈታል።

"እኔ ነኝ። ኮምጥጦ አገኘነው። እንዳያፍሩብን ብዬ ማር ጨመርኩበት። ማሩ ንጹሕ ነው። ማሰሮውም ታጥቧል። ጋሽ አረጋ የሉበትም።"

"አለሁበት እንጂ! ማሩ የኔ ሐሳብ ነው" አሉ ጋሽ አረጋ ከወደ በሩ።

ማዳም ኢቬት ሳቀች። ሳቋ የንቀት ሳቅ አልነበረም። "ሌላ አለ? ያልታከመ?"

አልጣሽ በዚያ ሲባጎ የታሰረውን ቁልፍ ይዛ መራቻት፤ ሙሉሃብትና ጋሽ አረጋ ተከተሉ። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት የዓለቱ ቅዝቃዜ ወጥቶ ፊታቸውን ነካው። ማዳም ኢቬት ሣጥኑ ላይ የተተኮሰውን ቃል ስታይ በእጇ ዳበሰችው።

"ሎዋር! አባቴ በየቀኑ ከምሳ ጋር የሚጠጣው ነው። በእኛ አገር ርካሽ ነው፤ የድግስ አይደለም።" ከዚያ ጭዱን ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። "ማን አስተኛቸው?"

አልጣሽ ሙሉሃብትን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ይኸው ሥርዓት የለሽነቷም በምስክር ፊት ተገኘ።

"እኔ ነኝ። እንዳይወድቁ ብዬ ነው።"

"የተኛ አይወድቅም፤ እውነቷን ነው" አሉ ጋሽ አረጋ።

ማዳም ኢቬት ከነጩ ወይን አንዱን ከፈተች። ቡሹ እርጥብ ነበር፤ ሳይፈረፈር ሙሉውን ወጣ። ቀዳች፤ አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ብርጭቆውን ለአልጣሽ ዘረጋችላት።

አልጣሽ እንደ ጋሽ አረጋ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። "ይኼም ይኮመጥጣል፣ ማዳም" አለች በሐዘን።

"አትፍረጂ። ጥቂት አፍሽ ውስጥ አቆዪው።"

ደግማ ተጎነጨችና አቆየችው። ጠጅ መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ የሚያመጣውን የሚያመጣው በኋላ ነው። ይኼ ግን ክፉውን አስቀደመ። መጀመሪያ ምላሷን እንደ ሎሚ ቆነጠጣት፤ ከዋጠችው በኋላ ግን ቀስ ብሎ አንድ ሽታ ተመለሰ፤ የበሰለ ኮክ፣ ከዚያም ቀፎ ሲከፈት የሚሸተው ዓይነት ማር።

"ማር ይሸታል። ማር ግን አልገባበትም" አለች ተደንቃ።

"ዘመኑ ነው የጨመረበት" አለች ማዳም ኢቬት።

ቀዩን ሲከፍቱ የባሰ ገረማት። ጋሽ አረጋ "አፈር አፈር ይላል" ብለው ቢያጣጥሉትም እሷ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሸተታት። ወልድያ፣ የመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከወንበሯ ሥር የረገፈው የእርሳስ ቅራፊ። በዚያን ጊዜም ፈተና እወድቃለሁ ብላ ትፈራ ነበር፤ ወድቃ ግን አታውቅም። ይህን አስባው አታውቅም ነበር።

"በአዳራሹ ያሉት የተበላሹት ስለቆሙ ነው። ቡሹ ወይኑን ካልነካ ይደርቃል፤ አየር ይገባል። የመስኮቱ ፀሐይ ደግሞ አለ። ማን አቆማቸው?" አለች ማዳም ኢቬት።

ሙሉሃብት የሸሚዙን አንገት ነካካ። አልጣሽ አየችው። እስከዛሬ ይህ ሰው የሚያስፈራ እንጂ የሚፈራ አልመሰላትም ነበር። አሁን ግን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እሱም ምናልባት ቤቱ በር ኋላ ያስቀመጠው ጋቢ ይኖረው ይሆናል። አንድ ቃል ብትናገር አሻጥሩ ከእሷ ትከሻ ወርዶ እሱ ላይ ይጫናል፤ ደግሞም እውነት ነው። ከደሴ ያልተመለሰው ሰው ትዝ አላት። ቁልፉን ጨበጠች።

"ቦታ ጠቦን ነው" አለች።

ማዳም ኢቬት ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ተጨማሪ አልጠየቀችም። ከጭዱ ላይ የሚበቃትን ያህል ጠርሙስ አቀፈች።

ምሳው ረዘመ። ነጩ ከሽሮው ጋር፣ ቀዩ ከጥብሱ ጋር ተጠጣ። ፈረንሳዮቹ ይህን የመሰለ ወይን በዚህ ዋጋ አገራቸውም አያገኙትም ተባባሉ። ጋሽ አረጋ ማር የገባበትን ብርሌ ወደ ጓዳ ወስደው "ይኼ ለሠራተኛው መደብ ነው" እያሉ ለብቻቸው ጨረሱት።

ማታ አልጣሽ ስትዘጋጋ ሙሉሃብት ዕቃ ቤቱ በር ላይ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጭዱን ዳበሰ።

"ጓድ አልጣሽ፣ የተኙት ይተኙ" አላት። እንደ ማመንታት አለና "የቆሙት ነገር... በጽሑፍ አይወጣም። ረጅም ዘመን ቆይተው ነው የተበላሹት፤ በቃ" ብሎ ጨመረ።

"እሺ ጓድ።"

"አመሰግናለሁ" ለማለት ነበር የመጣው፤ ቃሉ ግን አልወጣውም። እሷም አልጠበቀችውም።

ቤት ስትደርስ ማሚቱ "ማንም አልመጣም እኮ" አለቻት እየሳቀች። አልጣሽ ጥቅሉን ከበሩ ኋላ አንስታ መቀነቱን ፈታች። በሶውን በጥብጣ ከልጇ ጋር ጠጡት። ጋቢውን ግን መልሳ በመቀነቱ አሰረችና ቦታው ላይ አኖረችው፤ እንዳይወድቅም በጎኑ አስተኛችው።